ስለ ቤተሰብ መኪና ረዳት ባትሪ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ መኪና ባትሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዘንድሮ ክረምት ድረስ ከባትሪ ጋር የነበረኝ ትውውቅ ከእጅ ባትሪ አያልፍም ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ጧት የአጎቴ ባለስምንት መቀመጫ ሃይብሪድ ቫን አልነሣም ስላለ፣ አያቴም ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሦስት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ስላለፈባቸው፣ ነገሩን ለመመርመር ተገደድሁ።

በዚያን ጧት የሆነው እንዲህ ነው። አጎቴ ማስነሻውን ቢጫን መብራት የለም፤ ድምፅ የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚንሸራተተው የጎን በር እንኳ አልከፈት አለ። የሰፈር ጎረምሶች እንደ ልማዳችን «እንግፋው!» ብለው ተሰበሰቡ። ማርሹ ግን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስለሆነ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ፤ ጎማውም አልዞረም። ቢገፋም አይነሣም ነበር፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጋራዥ የተጠራው ሰው መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። የነገረን ዋጋ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ያህላል። አጎቴ በዚያን ማታ ከማን እንደሚበደር ሲያሰላ አመሸ፤ የታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ክፍያም ከሒሳቡ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ የጎረቤታችን የሚኒባስ ሾፌር ወሬውን ሰምቶ መጣና፣ «ጋሼ፣ ትንሹን ባትሪ ለክተውታል?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ትንሽ ባትሪ መኖሩን አናውቅም ነበር። ካቦ አምጥቶ ከሚኒባሱ ጋር አገናኘው፤ መኪናው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነቃ።

እንግዲህ ትምህርቱ ከዚህ ይጀምራል። ሃይብሪድ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ብዙውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ሲሆን ሥራው ጎማውን የሚያዞረውን ሞተር መንዳት ነው። ረዳት ባትሪ የሚባለው ትንሹ ግን እንደ ማንኛውም መኪና ባለ12 ቮልት ነው። መብራቱን፣ ቁልፉን፣ ሬዲዮኑንና ኮምፒዩተሩን የሚያኖረው እርሱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን ሌላ ነው። ትልቁ ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚገናኘው በሁለት ከባድ የኤሌክትሪክ መዝጊያዎች በኩል ሲሆን፣ እነዚህን ስቦ የሚያገናኛቸው የትንሹ ባትሪ ኃይል ነው። ትንሹ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አንዲት አምፑል አያበራም። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ገበሬ ማለት ነው።

መሐንዲሶቹ ለምን እንዲህ አደረጉት? ለሰው ሕይወት ሲሉ ነው። መኪናው ሲጠፋ መዝጊያዎቹ ይለያያሉ፤ ያ የሚገድል ቮልት በሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ግጭት ቢደርስ ወይም ጠጋኝ እጁን ቢያስገባ የመኪናው አካል በሞት ሽቦ የተከበበ አይሆንም። የትልቁ ባትሪ ገመዶች በብርቱካን ቀለም የተለበጡት ለዚሁ ነው፤ እኔና እናንተ ልንነካቸው አይገባም።

ትንሹ ባትሪ በአብዛኛው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 የፈጠረው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ሙሉ ባትሪ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል። ባትሪው ሲወጣ በእርሳሱ ሠሌዳ ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገራል፤ ወዲያው ከተሞላ ይሟሟል፣ ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥርና አይመለስም። ስለዚህ ባትሪን የሚገድለው ሥራ ብቻ ሳይሆን ባዶ ሆኖ መቆምም ነው።

በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። መኪናው ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ሦስት ሳምንት ቆሟል። የቆመ መኪና ደግሞ የተኛ ይመስላል እንጂ አይተኛም፤ የሌባ ደወሉና የቁልፉን ምልክት የሚጠብቀው መሣሪያ ቀን ከሌት ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። በዚያ ላይ የአጎቴ ልጆች በግቢው ውስጥ ገብተው ሬዲዮ ከፍተው ይጫወቱ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዳሽቦርዱ ስለበራ ብቻ ባትሪው አይሞላም። በሃይብሪድ መኪና እንደ ድሮው ዲናሞ የለም፤ ትንሹን የሚሞላው ከትልቁ ኃይል ወስዶ ወደ 14 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ነው። እርሱም የሚሠራው መኪናው ለመሄድ ሲዘጋጅ፣ «ሬዲ» የሚለው ምልክት ሲበራ ነው። ከዚያ በፊት የሚደመጠው ዘፈን ሁሉ ከትንሹ ባትሪ የሚከፈል ነው።

ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለካ። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት። ከዚያ መኪናውን «ሬዲ» አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ የሚሞላው መሣሪያ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የባትሪው ነው። የጋራዡ ሰው ይህን አምስት ደቂቃ ቢሰጠው ኖሮ እኛም እንቅልፍ ባላጣን ነበር።

ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሙቀት ዋና ጠላቱ ስለሆነ የድሬዳዋና የአፋር መኪና ከአዲስ አበባው ቀድሞ ባትሪ ይለውጣል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የክረምቱ ብርድ ያዳከመውን ባትሪ ጧት ኃይል ያሳጣዋል። በነገራችን ላይ እዚያ ቤተሰብ የሚወደው ቶዮታ ሲየና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም ሃይብሪድ ነው።

ሲለወጥ ዓይነቱ አይለወጥ። ባትሪው ከተሳፋሪው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥባቸው መኪኖች አሉ፤ የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ስለሆነ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ ተመልሶ መገጠም አለበት። ርካሽ ነው ተብሎ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ እዚያ መግጠም አደጋ ነው። ሲፈታ ኔጋቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር መጨረሻ።

በካቦ ሲነሣ ቀዩ ከፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ፤ ጥቁሩ ከአበዳሪው ኔጋቲቭ ተነሥቶ በተበዳሪው መኪና ላይ ቀለም ያልተቀባ ጠንካራ ብረት ይያዝ። ቢገለበጥ ኮምፒዩተሩን በቅጽበት ያቃጥላል። የሃይብሪድ ትንሽ ባትሪ ግን ለሌላ የቤንዚን መኪና አይበደርም፤ ሞተሪኖ ለማዞር አልተሠራምና። በሩ ካልተከፈተ በሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ አጎቴ አራት ዓመት ይዞት ሲዞር አላወቀም።

ይህ ሁሉ የሃይብሪድ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ በከተማችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይህንኑ ትንሽ ባትሪ ተሸክመዋል። መቶ በመቶ ተሞልተው የማይነሡትም በእርሱ ነው።

አጎቴ አዲሱን ባትሪ ከገዛ በኋላ የተገጠመበትን ቀን በነጭ ቀለም ጽፎበታል፤ ቴስተሩንም ከሚኒባሱ ሾፌር ተውሶ አልመለሰም። የአያቴ ቀጠሮ ለኅዳር 12 ተዛውሯል። በዋዜማው ማታ የመለካቱ ሥራ የእኔ ነው።