እንጦጦን በሳይክል፦ ዳገት እንዴት ይወጣል?

መቼም እንጦጦን በእግሩ ወይም በታክሲ ያልወጣ የአዲስ አበባ ተማሪ ብዙም አይገኝም። በሳይክል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አራት ጓደኛሞች ሆነን ሞክረነው ነበር። የተማርነውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው። በሳይክል ዓለም ስሙ የገነነው የፈረንሳዩ አልፕ ዱዌዝ ዳገት 21 ጥምዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቱር ደ ፍራንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣው ያሸነፈው ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነበር። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። መሀል አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እነሱ የሚጨርሱበትን ከፍታ እኛ ገና ሳንነሳ አልፈነዋል ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ተነሳን። እኔ ለቡለቲኑ እጽፋለሁ ብዬ ሰዓት ይዣለሁ። ሽሮ ሜዳን ስናልፍ ዳገቱ ጠና። ሦስታችን ተፎካከርን፤ አራተኛው ወደ ኋላ ቀረ። «ይደርስብናል» አልን፤ ዞር ብሎ ያየ ግን የለም። ግማሽ ያህል እንደወጣን አንድ ሚኒባስ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እናንተ! ጓደኛችሁ እኮ እታች ተቀምጧል፣ አሞታል!» ብሎ ጮኸብን።

ተመልሰን ስንወርድ መንገድ ዳር አገኘነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ለካ ከድሬዳዋ ከገባ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን አላሰብንበትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ድሬዳዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ቆላም ደጋም 21 በመቶ ያህል ነው። የአየር ግፊቱ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈጅበታል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ መውጣቱን ማቆም ነው፤ ካልተሻለ ደግሞ መውረድ።

ያን ቀን ሳይክላችንን እየገፋን አብረነው ወረድን። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሞከርን፤ አሁን ግን በደንብ፦

አንደኛ፣ ከሁላችን ቀርፋፋው ፊት ሆነ። ፍጥነቱን እሱ ይወስናል፤ ማንም አይቀድመውም።

ሁለተኛ፣ ዳገቱ ሳይከብድ ማርሽ ቀነስን፤ ከፊት ትንሹ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ። ፔዳሉ ከጠና በኋላ ማርሽ መቀየር ካቴና ያወልቃል።

ሦስተኛ፣ እያወራን ወጣን። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ ነው።

አራታችንም እንጦጦ ማርያም ደረስን። ስንወርድ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግን ነበር፤ አንዴ ጭምድድ አድርጎ መያዝ ፍሬኑን ያግላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጀመሪያው ቀን ገና ሳንነሳ «አራት ወጣቶች እንጦጦን ድል ነሱ» የሚል ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ያን ቀን የያዝኩት ደቂቃም ደብተሬ ላይ አለ። እዚህ አልጻፍኩትም፤ ጓደኛችን ስንት ደቂቃ ብቻውን እንደተቀመጠ አልያዝኩማ።