ከሶማሌ ተራ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ቤት ያስተምራል?

ሙዚየም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መስታወት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። ዕቃው የተቀመጠበት ቤት ራሱ አስተማሪ መሆኑን ልብ አንለውም። እኔም ልብ ያልኩት አባቴን ይዤ የሄድኩ ዕለት ነው።

የሶማሌ ተራ ልጅ ነኝ። አባቴ አሮጌ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በእኛ ተራ ዕቃው በር ላይ ይደረደራል፤ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ ይታያል፣ ይነካል። ገዢ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ጣልቃ ገብቶ ያርማል፣ እኔም እዚያው ቆሜ እማራለሁ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ትምህርቱ ደጅ ላይ ነው።

ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እንሂድ ስለው "እሱ የተማረ ሰው ቦታ አይደል እንዴ?" ብሎ አቅማማ። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያስቆመን የትም የማያደርሰው የጣሊያን ደረጃ ነው። እርከኖቹ የፋሺስት አገዛዝን ዓመታት ይቆጥራሉ፤ ጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። አባቴ አየት አደረገና "ሳያፈርሱ አሸነፉት" አለ።

ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውታል። ቤተ መንግሥት ደግሞ እንግዳን ዝቅ ያደርጋል። አባቴ ገና ሲገባ ኮፍያውን አወለቀ፣ ድምፁንም ቀነሰ። ማንም አላዘዘውም፤ ቤቱ ነው ያዘዘው።

ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በየብሔረሰቡ ተለያይተው አልተቀመጡም። የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከዚያ በኋላ። ስለዚህ ጎብኚው "የእኔ ጥግ የት ነው?" ብሎ አይፈልግም፤ ልጅ ያልነበረ የለማ! የልጅነት ክፍል ስንደርስ የአባቴ ድምፅ ተመለሰ። በልጅነቱ ስለተጫወተው ገበጣ ሲነግረኝ ሁለት ተማሪዎች ጠጋ አሉ። አንዷ "በእኛ አገር እንዲህ አይደለም አባባ" ብላ አረመችው። ልክ እንደ ሶማሌ ተራ! የንጉሡ መኝታ ቤት ስንደርስ ግን ሁላችንም እንደገና ዝም አልን።

አምስት ኪሎም ተመሳሳይ ነገር አለ። በተማሪነቴ ብሔራዊ ሙዚየም ስንሄድ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ያየናት ወደ ምድር ቤት ወርደን ነው። እግራችን ሲወርድ ዘመኑም ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

ከዚህ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው። በር ማን እንደሚገባ ይወስናል፤ አደራደር ምን እንደምናገናኝ ይወስናል፤ መቆሚያ ቦታ ደግሞ ከማን ጋር እንደምናወራ ይወስናል።

ይህ ለሙዚየም ብቻ አይደለም። ዛሬ መርካቶ ውስጥ የቆርቆሮ ሱቅ ለፎቅ ቦታ እየለቀቀ ነው። አባቴ የሚፈራው ኪራዩን ነው፤ እኔ ደግሞ ደጁ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ የሚሸጥን ሰው ማን ጣልቃ ገብቶ ያርመዋል? እዚያስ ቆሞ የሚማረው ልጅ የት ይቆማል? ሙዚየምም ሆነ ገበያ የምትሠሩ ሁሉ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ቆሞ የሚከራከርበት ቦታ ተዉልን።