ማሳሰቢያ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ቀኑን ቁጠሪ

ይህ ማሳሰቢያ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በሀርትሼክ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ለሚኖሩ እህቶችና እናቶች፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚኖሩ ሁሉ ነው።

የወር አበባ ሊመጣ አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ሲቀረው የብዙ ሴት ጡት ያብጣል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ራሷን ያማታል። እንቅልፍ ይሸሻታል፣ ዕንባዋ ይቀርባል፣ በትንሹ ትቆጣለች። ደሙ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። ሐኪሞች ይህን የቅድመ ወር አበባ ሕመም ይሉታል። ስንፍና አይደለም፤ የጠባይ ብልሽትም አይደለም። እንቁላል ከወጣች በኋላ ለሚለዋወጡት ሆርሞኖች ሰውነትና አእምሮ የሚሰጡት ምላሽ ነው።

በአካባቢያችን ለዚህ ሕመም የማይሞከር ነገር የለም፦ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ አብሽ፣ ዝንጅብል በሻይ፣ ሰናመኪ፣ ከርቤ፣ ከደጋ የሚመጣው ጤና አዳም፣ በድንበር የሚገባው የቪታሚን ብልቃጥ። የሚጠቅም አለ፣ ምንም የማያደርግ አለ፣ የሚጎዳም አለ። ይህን ለመለየት መጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚታወቅበት መንገድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀን መቁጠር ነው።

አድርጊ

1. ቀኑን ቁጠሪ፣ ሕመሙንም ጻፊ። የአካባቢያችን ሴት ቀን መቁጠር አዲስ አይሆንባትም። በረመዳን ያመለጧትን የጾም ቀናት ለቀዷ (በኋላ ለምታካክሰው ጾም) ስትቆጥር፣ ወደ ሶላት የምትመለስበትን ቀን ስትለይ ኖራለች። በዚያው ቆጠራ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሪበት፦ ዛሬ ምን ተሰማኝ? ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ? በደብተር ወይም በስልክሽ በየማታው ቢያንስ ለሁለት ወር መዝግቢ። ሕመሙ ከደሙ በፊት መጥቶ ከደሙ ጋር የሚሄድ ከሆነ የቅድመ ወር አበባ ሕመም ነው። ወሩን ሙሉ የማይለቅሽ ከሆነ ግን የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ምርመራ እንጂ ቅጠል አይፈልግም።

2. ወተት ጠጪ፤ አፍልተሽ። ለዚህ ሕመም ከተሞከሩት ነገሮች መካከል የተሻለ ማስረጃ ያለው ካልሲየም ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም የወሰዱ ሴቶች ምልክታቸው በሦስተኛው ወር በ48 በመቶ ገደማ ቀንሷል። አንድ ሊትር ወተት፣ የላምም ይሁን የግመል፣ ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ ጠዋት በጀሪካን ከምትሸጠው ሴት የምትገዢው የግመል ወተት ከብዙ ብልቃጥ ይበልጣል። «ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚባለውን አትቀበዪ። ካልሲየሙ በመፍላት አይጠፋም፤ የሚሞተው ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣው የብሩሴላ ተሕዋስ ነው።

3. ሻዩን ከምግቡ አርቂ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሶማሌ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 60 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው፤ በአገር ደረጃ ግን 24 በመቶ ነበር። የደም ማነስ ድካምና ራስ ምታቱን ያብሳል። ከላሆህ ወይም ከሩዝ ጋር የሚጠጣ ሻይ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል፤ ስለዚህ ከበላሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጪው። ብዙ ሻይና ቡና እንቅልፍም ይነሳል። ስትቀንሺ በየቀኑ አንድ አንድ ስኒ ቀንሺ፤ በአንድ ጊዜ ካቆምሽው ራስ ምታት ያመጣል።

4. በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። በእነዚያ ቀናት ጨውና ስኳር ቀንሺ። ማሽላ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሪ። በረመዳን ከሆነ ሳምቡሳውንና ጣፋጩን በአንዴ ከመብላት ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውኃ እየጠጣሽ ምግቡን ከፋፍዪው።

5. ተራመጂ። በአብዛኛው ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ስሜትንም እንቅልፍንም ያሻሽላል። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ጠዋቷና ምሽቷ ለመራመድ ይመቻል። ከጎረቤት ጋር ውጪ፤ ሁለት ሲሆኑ አይቀርም።

6. ሆድሽን አሙቂ። ለቁርጠት ሙቀት ከብዙ ማስታገሻ አያንስም። ሙቅ ውኃ በጎማ መያዣ ወይም በሃይላንድ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እምብርትሽ ሥር አድርጊው። የፈላ ውኃ ግን አትሙዪበት፤ ሃይላንዱ ይቀልጣል፣ ቆዳም ይቃጠላል።

7. ዝንጅብልን በቦታው ተጠቀሚበት። ደሙ በሚመጣባቸው የመጀመሪያ ቀናት ለሚኖረው ቁርጠት እንደሚረዳ አነስተኛ ጥናቶች አሳይተዋል። በሻይም በምግብም ይሆናል። ለስሜት መለዋወጥ ግን ብዙ አትጠብቂበት።

አታድርጊ

1. «ለእሷ ሠርቶላታል» ተብሎ ብቻ አትግዢ። በዚያው የካልሲየም ጥናት ምንም የሌለበት ክኒን የተሰጣቸው ሴቶችም ሕመማቸው በ30 በመቶ ቀንሷል። ተስፋ ራሱ ያሻላል፤ ሕመሙም በየወሩ ይለያያል። ስለዚህ የአንዲት ጎረቤት ምስክርነት፣ ከልቧ ብትናገርም፣ ማስረጃ አይሆንም። ከአንድ በላይ ነገር በአንድ ወር አትጀምሪ። አንዱን ሞክሪ፣ ደብተርሽን እዪ፣ ካልለወጠሽ ተይው።

2. እርጉዝ አለመሆንሽን ሳታረጋግጪ ጤና አዳም፣ ከርቤ ወይም ሰናመኪ አትጠጪ። የደም መዘግየትን «የታገደ ደም» ነው ብሎ ለማውረድ መጠጣት አደጋ አለው። ጤና አዳም በብዛት ሲጠጣ ፅንስ ያስወርዳል፤ እናትየውንም ይመርዛል። ሰናመኪ ሆድ ያስቀምጣል፣ ቁርጠት ያብሳል፣ ውኃ ያደርቃል። «ሆድ ማጽዳት» የቅድመ ወር አበባን ሕመም አይፈውስም።

3. ጥቁር አዝሙድና አብሽን ከሐኪም መድኃኒት ጋር ዝም ብለሽ አትቀላቅዪ። ጥቁር አዝሙድ በሃይማኖት የተከበረ ነው፤ በምግብ መጠን ለብዙ ሰው ችግር የለውም። ሁለቱም ግን የደም ስኳር ያወርዳሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ።

4. በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ብልቃጥ አትግዢ። ቶጎ ውጫሌ የድንበር ከተማ ስለሆነች ሱቆቹ ምንጩ የማይታወቅ ዕቃ ሊይዙ ይችላሉ። ቪታሚን ቢ6 በቀን ከ100 ሚሊ ግራም ሳያልፍ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ከዚያ አልፎ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። ለስሜት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ የእርግዝና መከላከያንና የኤችአይቪ መድኃኒትን ያዳክማል። መድኃኒት ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ብቻ ግዢ። የሚያጠራጥር ካየሽ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመሩ 8482 ደውዪ።

5. ሕመሙን በጫት አትሸፍኚው። ምርቃናው ለሰዓታት ያነሳል፤ ሲወርድ ግን ድብርቱ ይበረታል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሆድ ይደርቃል። ስሜትሽና እንቅልፍሽ ደግሞ በዚያ ሳምንት ቀድሞውኑ የተዛቡ ናቸው።

6. ለረመዳን ወይም ለሐጅ የወር አበባን የሚያዘገይ ክኒን ያለ ባለሙያ አትዋጪ። ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ደም ያዛባል፣ ቆጠራሽንም ያበላሻል።

7. በየወሩ የሚመጣን ለቅሶና ቁጣ ቶሎ ለጂን ወይም ለዛር አትስጪው። ቁርኣን ማስቀራት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አይከለክልም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሴትን ማሰር፣ መምታት ወይም በጭስ ማፈን ግን ሕክምና አይደለም።

የግርዛት ስፌት የሚያመጣውን ሕመም ከቅድመ ወር አበባ ሕመም ጋር አታምታቺው

ይህን በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። በዚያው የ2016 ጥናት በክልላችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 99 በመቶ ገደማ የተገረዙ ነበሩ፤ ከተገረዙት ውስጥ ብዙዎቹ የተሰፉ ናቸው። መውጫው ሲጠብ ደሙ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል፣ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ያቆራል። ሽንትም አብሮ ይታገዳል፣ ኢንፌክሽንም ይከተላል። ይህን ሕመም ዝንጅብልም ወተትም አይፈታውም። መፍትሔው በጤና ተቋም፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ስፌቱን ማስከፈት ነው፤ ከጋብቻ በፊትም ይቻላል። ሴት ልጅን መግረዝ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565፣ መስፋት ደግሞ በአንቀጽ 566 ያስቀጣል። ለልጅሽ የወር አበባ ሕመም የሚሆነው የመጀመሪያው መድኃኒት አለማስገረዝ ነው።

ሳትዘገዪ ወደ ሐኪም ሂጂ

- ራስን የማጥፋት ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፤ በዚያው ቀን።
- ሕመሙ በየወሩ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከቤት ኃላፊነት የሚያስቀርሽ ከሆነ። ከባዱ ዓይነት በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት ይታከማል።
- በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም ከመጣ፣ ወይም ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ።
- ደሙ ዘግይቶ ሆድሽን በአንድ ጎን አጥብቆ ካመመሽ።

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሂጂ። በጅግጅጋ ካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉ።

ለባሎች፣ ለአባቶችና ለመምህራን

- «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» ከማለት ውኃ መቅዳቱንና ልጆች መያዙን አግዙ።
- ከባድ የቤተሰብ ክርክር ካለ ለሌላ ሳምንት አሳድሩት።
- ለሐኪም የሚሆነውን ገንዘብ ስትጠይቃችሁ አትከልክሏት።
- ተማሪዋ ከክፍል ለመውጣት ስትጠይቅ ምክንያቱን በሰው ፊት አታስነግሯት።

ለእናቶች

ልጅሽ የመጀመሪያውን የወር አበባ ሳታይ ንገሪያት። ካላፈርሽ አታፍርም። የቀዷን ቆጠራ ስታስተምሪያት ትንሽ ደብተርም ስጫት፤ ቀኑን በአንድ በኩል፣ ስሜቷን በሌላ በኩል ትጻፍ። ሁለት ወር ሞልቶ ያንን ገጽ ይዛ ጤና ጣቢያ ስትገባ «አመመኝ» ብላ ብቻ አትቆምም፤ መቼ እንደሚጀምራት፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የት የት እንደሚያማት ትናገራለች። ሐኪሟም መድኃኒቱን በግምት አያዝም።