«ብግነት አለ፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም» ሲባል

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም በሕክምና ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። እንዲህ ያለ ሕመም ይዞት የተመረመረ ሰው አንዳንዴ «ደምህ ላይ ብግነት ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም» ይባላል። የዚህን መልስ ትርጉም ቀስ ብለን እንመልከት።

ኢንፍላሜሽን (ብግነት) ምንድን ነው? እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። የደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ብዙ ደም ወደ ቦታው ይመጣል፤ ቅላቱና ሙቀቱ ከዚህ ነው። ግድግዳቸው ፈሳሽ ስለሚያሾልክ ያብጣል። ተከላካይ ሕዋሳት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር ደግሞ ነርቭን ስለሚቀሰቅስ ያማል። ይህ ሁሉ ሰውነት ራሱን የሚጠብቅበት ሥራ ነው። ችግሩ ሥራው ማቆም ሲያቅተው፣ ወይም በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ ነው።

ብግነቱ ዓይን የማያየው መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን በደም ይፈለጋል። አንዱ ምርመራ ኢ.ኤስ.አር. (ቀይ የደም ሕዋሳት የሚዘቅጡበት ፍጥነት) ነው። ደሙ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሕዋሳቱ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይለካል። በጀበና ውስጥ ጎላ ያለው የቡና አተላ ከደቃቁ ቀድሞ እንደሚዘቅጥ አስቡ። ብግነት ሲኖር ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛና ቀይ ሕዋሳቱ እንዲደራረቡ ያደርጋል፤ የተደራረቡት ፈጥነው ይወርዳሉ። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘው ሲ.አር.ፒ. (ጉበት ለብግነት ምላሽ የሚሠራው ፕሮቲን) ነው። እርሱ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ሲሻልም ቶሎ ይቀንሳል። ኢ.ኤስ.አር. ግን በደም ማነስና በዕድሜም ከፍ ይላል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚነግሩን ብግነት መኖሩን ብቻ ነው። የትና ለምን የሚለውን ለማወቅ ከሕመምተኛው ታሪክ መጀመር ያስፈልጋል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፦ ሕመሙ የሚብሰው መቼ ነው?

ወገቡን የሚያመውን ሰው እንውሰድ። ሸክም የጎዳው ወገብ ሲያርፉ ይሻለዋል፣ ሲሠሩ ይብስበታል። የብግነት ሕመም ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ወገብ ደርቆ ከ30 ደቂቃ በላይ አይፈታም፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል። አንዱ ምክንያት ብግነትን የሚያበርደው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ሌሊት ዝቅ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ከጀመረ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ (አከርካሪን የሚያጣብቅ ብግነት) ይጠረጠራል። ለውጡ በኤክስሬይ እስኪታይ ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ «ኤክስሬዩ ደህና ነው» መባል ፍለጋውን ማስቆም የለበትም፤ ኤም.አር.አይ. (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ቀድሞ ሊያሳየው ይችላል።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከታከሉበት ግን ፍለጋው ወደ ሌላ ይዞራል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢና ብሩሴሎሲስ (ባልፈላ ወተትና ከታመሙ ከብቶች የሚተላለፍ በሽታ) መታሰብ አለባቸው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት አብራጅ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ እጅግ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሲ.አር.ፒ.ውም ይወርዳል፤ የሰውነት መከላከያ ስለተዳከመ ግን ቲቢው ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለስ? ያን ጊዜም ሕመሙ እውነተኛ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሕመምን መልእክት አጉልተው ማስተላለፍ ሊለምዱ ይችላሉ፤ በፋይብሮማያልጂያ (መላ አካልን የሚያም፣ ድካምና የእንቅልፍ ችግር ያለበት ሕመም) የሚታየው ይህ ነው። እዚህ ላይ የብግነት ማስታገሻ ብዙም አይረዳም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የተስተካከለ እንቅልፍና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ በነርቭ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።