ቁልፍ ሠሪና ቁልፍ ሰባሪ

ከትምህርታችን ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል፥ ነገር ግን ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመውን ነገር በዚህ ዕትም ላነሣ አሰብሁ። ነገሩ የቁልፍ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን አንድ ጓደኛችን ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ቁልፉን ከኪሱ ያጣዋል። በማግሥቱ ጠዋት ፈተና አለበት፤ የተማሪነት መታወቂያው ከክፍሉ ውስጥ ነው፤ መታወቂያ ያልያዘ ደግሞ ወደ ፈተና አዳራሽ አይገባም። ከአጥር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር አግኝቶ ደወለ። በስልክ የተነገረው ዋጋ 300 ብር ነበር። ሰውዬው መጣ፤ በሩን በባትሪ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ይኸ የውጭ ዕቃ ነው፤ እንዲሁ አይከፈትም፤ መሰርሰር አለበት» አለ። ሰርስሮ አወጣው፤ አዲስ ገጠመና 2,800 ብር ጠየቀ። ጓደኛችን እኩሌታውን ከእኛ ተበድሮ ከፈለ። የወር ቀለቡ በዚያች ሌሊት አለቀ።

ማታለሉ የተሠራው በመሰርሰሪያው አይደለም፤ ጓደኛችን ስለ በሩ ምንም ባለማወቁ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በአማርኛችን በበሩ ላይ ያለውንም በእጅ የሚያዘውንም «ቁልፍ» እያልን ስለምንጠራ፥ እንዳይደባለቅብን ከዚህ በኋላ በእጅ የሚያዘውን «መክፈቻ» እለዋለሁ።

በአብዛኛው በር ላይ የሚገኘው ቁልፍ አሜሪካዊው ላይነስ ዬል (ልጁ) እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት ነው። ሐሳቡ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ግብፃውያን በዚሁ መንገድ የሚሠራ የእንጨት ቁልፍ ነበራቸው። መክፈቻው የሚገባበት ክፍል ሲሊንደር ይባላል። በውስጡ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሞላ ተቀምጦ ወደ ታች ይጫነዋል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሡታል፤ የላይኛውና የታችኛው ዘንግ የሚለያዩበት ሥፍራ ሁሉ በአንድ መሥመር ይውላል፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ይዞራል። እንግዲህ ሙያ ያለው ሰው ዘንጎቹን አንድ በአንድ በቀጭን መሣሪያ አንሥቶ ያለ መክፈቻ ሊያዞረው ይችላል ማለት ነው።

ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በሎንዶኑ ታላቅ ትርኢት ጊዜ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ፥ እንግሊዞች አይደፈርም ይሉት የነበረውን የቸብን ቁልፍ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያለ መክፈቻ ከፈተው። በሱቅ መስኮት ላይ 200 ጊኒ ሽልማት ተጽፎበት ለብዙ ዓመታት የኖረውን የብራማን ቁልፍ ለመክፈት ግን በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል። እንዲያ ያለው ቁልፍ ሳይሰበር ከተከፈተ፥ የተከራየናት ክፍል ተራ ቁልፍ ገና ሳትነካ «አትከፈትም» የምትባልበት ምክንያት አይታየኝም። በእርግጥ መሰርሰር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ውስጡ ሲበላሽ፥ ወይም በጣም የተራቀቀ ዕቃ ሲሆን። ተንጠልጣይ ጓጉንቸርም ቢሆን መቁረጡ ከመልፋት ይረክስ ይሆናል። ነገር ግን ቅን ባለሙያ መጀመሪያ ይሞክራል፤ መሰርሰሪያውን የሚያነሣው በመጨረሻ ነው። በሩ በነፋስ ተገፍቶ ብቻ ከተዘጋና ካልተቆለፈ ደግሞ መሰርሰሪያ የሚያስወጣ ምንም ነገር የለም።

ከመካከላችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አሉና ስለዚያም ጥቂት ልበል። ይህ ማታለል እዚያ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በማስታወቂያው ላይ 15 ወይም 19 ዶላር ይላል፤ ከደጃፍ ሲደርሱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። የሰፈር ሱቅ የሚመስለው አድራሻ ብዙ ጊዜ ባዶ ሥፍራ ሲሆን፥ ስልኩን የሚያነሣው ሰው በሌላ ከተማ ተቀምጧል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሕዝቡን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ቁልፍ ሠሪ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ስለዚህ ፈቃድህን አሳየኝ ማለት ነውር አይሆንም። በሁሉም ግዛት ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

እዚህ አገር ሲሆን ሠራተኛው በሩን ከመንካቱ በፊት ዋጋው ይነገር። «መክፈቻው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ባይከፈትና ብትሰረስረው በጠቅላላው ስንት ትለኛለህ?» መባል አለበት፤ ጓደኛችንን የጎዳው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። የሚቻል ከሆነ የቤቱ ባለቤት ወይም ጎረቤት ይቁም፤ ብቻውን የቆመ የተጨነቀ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ደግሞም «ቤቱ የአንተ ነው ወይ?» ብሎ የማይጠይቅ ቁልፍ ሠሪ ሊያስፈራን ይገባል፤ ነገ ለሌላ ሰው የእኛን በር ሳይጠይቅ ይከፍታልና።

መክፈቻ ስናስቀርጽም እንዲሁ ነው። ከመንገድ ዳር ተቀምጠው የሚቀርጹት አብዛኞቹ በላባቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ክፉውን ከደጉ መለየት ግን በፊት አይቶ አይቻልም። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል። መክፈቻውን ትቶ «ማታ እወስደዋለሁ» ማለት፥ ይልቁንም የቤቱን አቅጣጫ ጨምሮ መናገር፥ የሁለተኛ መክፈቻ መንገድ መክፈት ነው።

አዲስ ክፍል ስንከራይ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ስንት መክፈቻ እንዳስቀረጹ ማንም አያውቅም። የቤቱን ባለቤት አስፈቅዶ ሲሊንደሩን መለወጥ ነው። በብዙ በሮች ላይ ሲሊንደሩን የሚይዘው በበሩ ጠርዝ በኩል የሚገባ አንድ ረጅም ብሎን ብቻ ነው፤ ብሎኑን ፈትቶ፥ መክፈቻውን አስገብቶ ጥቂት ሲያዞሩት ተንሸራትቶ ይወጣል። የወጣውን ይዞ ወደ ሱቅ ሄዶ በርዝመቱ ልክ አዲስ መግዛት ይቻላል። ጠመንዘዣ (ካቻቢቴ) መያዝ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል።

ጓደኛችን በማግሥቱ ለፈተናው ደርሷል። አሮጌው ሲሊንደር ግን የት እንደ ገባ ስንጠይቀው አላወቀም፤ ሰውዬው ሲሄድ ከመሣሪያው ጋር ከቶት ሄዷል። እኛም የውጭ ዕቃ ይሁን አይሁን ሳናየው ቀረን።