መንገድ ላይ የምትወልድ እንስሳ፦ ከመጫን በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በደህና ዓመት አርብቶ አደሩ ለገበያ የሚያወጣው ወንዱንና መካኗን ነው። ሣርና ውሃ ሲጠፋ ግን መውለጃዋ የደረሰውን ፍየል፣ ያጋተችውን ላም፣ እርጉዟን ግመል ሳይቀር ያወጣል። ነጋዴውም «አንድ ከፍዬ ሁለት ወሰድኩ» ብሎ ይጭናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞያሌ ላይ እንዲህ ብሎ የጫነ ነጋዴ ሲያወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ከሃያ ፍየሎቹ ሁለቱ ሞተዋል። የአንደኛዋ ግልገል ጭንቅላቱ ብቻ ወጥቶ፣ እግሮቹ ወደ ኋላ ታጥፈው ቀርተው ነበር። ሰውየው ያዘነው በሁለት ፍየል ነው፤ ሒሳቡን አብረን ስንሠራው ግን ኪሳራው ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እናያለን፦ የትኛዋ እንስሳ መጫን እንደሌለባት፣ ምጥ ሲከብድ ምን እንደሚደረግ፣ ውርጃ ሲበዛ ደግሞ ለምን ጉዞ መቆም እንዳለበት።

ቀኑን ማወቅ

ፍየልና በግ የሚያረግዙት 150 ቀን ያህል፣ ላም 280 ቀን ያህል፣ ግመል ደግሞ 13 ወር ያህል ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ፣ ከጭነት በምትወርድበት ቀን በእርግዝናዋ የመጨረሻ አንድ አሥረኛ ላይ የምትሆን እንስሳ ለጉዞ ብቁ አይደለችም ይላል። ይህም ለፍየልና ለበግ የመጨረሻው 15 ቀን፣ ለላም 28 ቀን፣ ለግመል ወደ 40 ቀን ማለት ነው። ከወለደች 48 ሰዓት ያልሞላት፣ ልጇንም ይዛ የማትሄድ እናት እንዲሁ አትጫንም።

ሻጩ ቀኑን በትክክል ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ወንዱ መቼ እንደተለቀቀባት ጠይቁ፣ ከዚያም እንስሳዋን ራሷን ተመልከቱ። ጡቷ አግቶ ከተወጠረ፣ ከጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ከሰረጎደ፣ ብልቷ ካበጠና ከላላ መውለጃዋ ቀርቧል። የላምና የፍየል ጽንስ በቀኝ ጎን በኩል በእጅ ሊዳሰስ ይችላል፤ ግራውን ጎን የያዘው ትልቁ ጨጓራ ነው። ግመል ስታረግዝ ሰው ወይም ወንድ ግመል ሲቀርባት ጅራቷን ወደ ላይ ትሰቅላለች። ይህ ግን ማርገዟን እንጂ መውለጃዋ መድረሱን አይነግርም።

ሒሳቡ

የሚከተለው ለምሳሌ የተወሰደ ዋጋ ነው፤ እናንተ በገበያችሁ ዋጋ ተኩት። ባዶዋ ፍየል 5,500 ብር፣ ለመውለድ የደረሰችው 6,000 ብር ናት እንበል። በ20 ፍየል ለግልገል ተስፋ ብቻ 10,000 ብር ተጨማሪ ከፈላችሁ። መንገድ ላይ የተወለደ ግልገል በመረገጥ፣ በሙቀትና በእንገር እጦት የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ ያ 10,000 ጠፋ ብላችሁ ያዙ። ሁለት እናቶች ሲሞቱ፣ ተጨማሪው ክፍያ ከላይ ስለተቆጠረ፣ በባዶዋ ዋጋ 11,000 ብር ይጨመራል። በድምሩ 21,000 ብር ነው። በቀሩት 18 ፍየሎች ላይ ሲካፈል፣ እያንዳንዷ ትርፍ ማምጣት ከመጀመሯ በፊት 1,167 ብር ያህል ዕዳ ተሸክማለች።

አሁን መጠበቅን እንመዝን። ለ20 ቀን፣ በፍየል በቀን 30 ብር መኖ 12,000 ብር ይሆናል። የጠባቂ 4,000 ሲጨመር 16,000 ብር ነው። መጠበቁ በ5,000 ብር ይሻላል፤ የሚተርፉት ግልገሎች ገና አልተቆጠሩም። መኖው በቀን 50 ብር ከገባ ግን ወጪው 24,000 ይደርሳል፤ ያኔ መጠበቅ የሚያዋጣው ግልገሎቹ ከተረፉ ብቻ ነው። መኖ በተወደደበት ወቅት ስለዚህ የተሻለው መፍትሔ የደረሰችውን መጀመሪያውኑ አለመግዛት ነው።

ምጡ ሲከብድ

በደህና አወላለድ መጀመሪያ ሁለት የፊት እግሮች፣ በላያቸው ላይ ደግሞ አፍንጫ ይታያል። ፍየልና በግ ማማጥ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ላም ሁለት ሰዓት ለውጥ ሳይታይ ካለፈ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ግመል ማማጥ ከጀመረች ብዙውን ጊዜ ፈጥና ስለምትገላገል ከአንድ ሰዓት በላይ አትጠብቁ። የግመል ጽንስ አንገቱና እግሩ ረጅም በመሆኑ አንገቱ ወደ ጎን ታጥፎ መቅረቱ የታወቀ ችግር ነው።

ጭንቅላት ብቻ፣ አንድ እግር ብቻ፣ ወይም ጅራት ብቻ ከታየ ጽንሱ ተጣሟል። በዚህ ሁኔታ መጎተት ማህፀን ይቀዳል። በገመድ አስሮ ለብዙ ሰው ማስጎተት፣ ይባስ ብሎም በመኪና መሳብ እናትንም ልጅንም ያሳጣል። ሁለት የኋላ እግሮች ከቀደሙ ልጁ ሊወጣ ይችላል፤ እትብቱ ስለሚታፈን ግን መዘግየት የለበትም። ሐኪም እስኪደርስ እንስሳዋን ከመኪና አውርዱ፣ ጥላ ሥር አድርጓት፣ ውሃ ስጧት። የሚነካት ሰው ጓንት ያጥልቅ።

የመንታ እርጉዝ የሆነች በግ ወይም ፍየል ምጥ ሳይጀምራት መብላት ትታ፣ ተለይታ ቆማ፣ ዓይኗ የማያይ እስኪመስል ከደነዘዘች፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ በረጅም ጉዞ የሚደርስ ረሃብ ነው። ፈጥና ካልታከመች ትሞታለች።

ከተወለደ በኋላ የልጁን አፍና አፍንጫ ጥረጉ። የግመል ልጅ በቀጭን ሽፋን ተጠቅልሎ ይወለዳል፤ እናቱ እንደ ላም ስለማትልሰው ከአፍንጫው ላይ የሚያነሣለት ሰው ነው። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ይጥባ። የእንግዴ ልጁ ከዘገየ አትጎትቱት። በላም፣ በፍየልና በበግ 12 ሰዓት ካለፈ፣ በግመል ደግሞ ጥቂት ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይያት። አንቲባዮቲክ የተወጋች እንስሳ ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ሳያልፍ አትታረድም፣ ወተቷም አይሸጥም። የመድኃኒቱን ስምና ቀን በወረቀት አጽፋችሁ ያዙ።

ውርጃ ሲደጋገም

አንዲት እንስሳ በዱላ፣ በጥማት ወይም በግፊያ ልትጨነግፍ ትችላለች። በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙዎች ሲጨነግፉ ግን ጉዳዩ በሽታ ነው። በተለይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ትንኝ ከበዛ በኋላ ከሆነ፣ ትንንሾቹም የሚሞቱ ከሆነ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ይጠረጠራል። ይህ በሽታ ከጨነገፈ ጽንስና ከደም ወደ ሰው ይተላለፋል። ብሩሴሎሲስም እንዲሁ፤ በጥሬ ወተት ጭምር ይጋባል። የጨነገፈውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻ አትጣሉ፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ነፍሰ ጡር ሴቶች ጨርሶ አይቅረቡት።

መደበቅ ያጓጓል፤ መንጋው ይያዝብናል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲነሣ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ እንስሳት ታገዱ። ሳዑዲ ዓረቢያ እገዳውን ያነሣችው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት የከሰረው የታመመ እንስሳ የነዳው ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛ የነዳውም አብሮ ከሰረ። ስለዚህ ሁለተኛዋ እንደጨነገፈች ጉዞውን አቁሙ፣ መንጋውን ለዩ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ወንድ የተለቀቀባት መቼ ነው? የምትወርድበት ቀን ከመውለጃዋ በስንት ቀን ይቀድማል? መንገድ ላይ ብትያዝ የሚደርስላት ሐኪም የት ከተማ ነው? ለሦስቱም መልስ ካላገኛችሁ ባዶዋን ግዙ።