ጥንቃቄው ከፅንሰት ይቅደም፦ ስለ ፎሊክ አሲድ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት



በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የሶምሶንን እናት ታሪክ እናስታውስ። መልአኩ ስለምትበላውና ስለምትጠጣው ያዘዛት ገና ሳትፀንስ ነበር። ታሪኩ ስለ መድኃኒት የተጻፈ ባይሆንም አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ለሚወለደው ልጅ የሚደረግ ጥንቃቄ ከፅንሰት አስቀድሞ ሊጀመር ይገባል። የዛሬው ትምህርታችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

፩. ፎሊክ አሲድ ምንድን ነው?

ፎሊክ አሲድ ከቫይታሚን ቢ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በተፈጥሮ ምግብ ውስጥ ሲገኝ ፎሌት ይባላል። ሰውነት አዳዲስ ሕዋሳትን የሚሠራው በእርሱ እየተረዳ ነው። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሠረሰር የሚገኙበት የነርቭ ዘንግ በመጀመሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ጠርዞቹ ተገናኝተው እንደ ቱቦ ይዘጋሉ። ይህም ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ይፈጸማል። በዚያን ጊዜ የእናቲቱ ወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ብዙዎች መፅነሳቸውን እንኳ አያውቁም።

ዘንጉ በጀርባ በኩል ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ስፓይና ቢፊዳ ይዞ ይወለዳል፤ እግሮቹ ሊሰንፉ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ በጭንቅላቱም ውኃ ሊቋጠር ይችላል። በራስ በኩል ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ አንጎልና የራስ ቅል በሚገባ አይሠሩም፤ ሕፃኑም በሕይወት አይቆይም።

በ1991 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ በእንግሊዝ መሪነት በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ፎሊክ አሲድን ከፅንሰት በፊት ጀምሮ መውሰድ ጉዳቱ ዳግም እንዳይደርስ እስከ 72 በመቶ እንደሚከላከል አሳየ። በጥናቱ የተሳተፉት ቀድሞ እንዲህ ያለ ጽንስ የገጠማቸው እናቶች ነበሩ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ሁሉ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት እንድትወስድ ይመክራል። በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ደግሞ ደም ማነስን ለመከላከል ከብረት ጋር ተቀላቅሎ የተዘጋጀውን እንክብል ትወስዳለች።

፪. በአገራችን ያለው ክፍተት

ችግሩ በአገራችን ከባድ ነው። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች በ131ዱ የነርቭ ዘንግ ክፍተት አግኝቷል፤ ይህ ከመቶ ወሊዶች ከአንድ በላይ ማለት ነው።

እንክብሉ በጤና ተቋማት ለነፍሰ ጡሮች ይሰጣል። ነገር ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀድመው የመጡትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ 28ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ይደርሳሉ። ስለዚህ ጤና ኬላው መልካም ሥራ ቢሠራም ለዚህ ጉዳይ ብቻውን አይበቃም። እናቲቱን ከመፅነሷ በፊት የሚያገኛት ማን ነው? ለጋብቻ ስትዘጋጅ የሚያስተምራት፣ ቤቷንም የሚጎበኝ የንስሐ አባቷ ነው። የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ከዚህ ይጀምራል።

፫. በመስቃን ልናስተውለው የሚገባ

በ2022 እ.ኤ.አ. መንግሥት የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል፤ ፎሊክ አሲድም በዱቄቱ ከሚጨመሩት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የመስቃን ገጠር ቤተሰብ ዋና ምግቡ ቆጮ ነው፤ እህሉንም በሰፈር ወፍጮ ያስፈጫል። በፋብሪካ ዱቄት ላይ የተጨመረው ንጥረ ነገር እንዲህ ያለውን ማዕድ አይደርስበትም። ስለዚህ እንክብሉና የጓሮው ጎመን የበለጠ ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ነገር መስቀል ነው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የሄዱ ባሎች ለበዓሉ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ካሉ እናቲቱ እንክብሉን ከሐምሌ ጀምራ ብትወስድ መስቀል ሲደርስ ሰውነቷ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለሠርገኞችም እንዲሁ ነው፤ የጋብቻው ቀን ሲቆረጥ እንክብሉ ይጀመር።

አካባቢው ለጤና መዝገብ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዙሪያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትንና ሞትን ከቤት ቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። ሰበካ ጉባኤም የምእመናንና የጋብቻ መዝገብ አለው፤ ትምህርቱን በጊዜው ለማድረስ ይህ መዝገብ ይረዳናል።

፬. ጾም፣ ቁርባንና ጠበል

ከምእመናን የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። እንክብሉ የግድ በማለዳ አይወሰድም፤ ማታ ከእራት ጋር መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ ጾሟን ሳትፈታ፣ ቁርባኗንም ሳታስቀር ልትወስደው ትችላለች። ብረት ያለበት ከሆነ ግን ቡናና ሻይ የብረቱን ጥቅም ስለሚቀንሱ ጥቂት ሰዓት ይራራቁ።

የጾም ምግባችን በፎሌት የበለጸገ ነው፤ ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ጥሩ ምንጮች ናቸው። ጎመኑ ብዙ ሲቀቀልና ውኃው ሲደፋ ግን ፎሌቱ አብሮ ይጠፋል። ምግቡ መልካም ቢሆንም እንክብሉን አይተካም። ነፍሰ ጡር ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ አባታችንም የጤና ባለሙያውን ቃል ይስሙ።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ለዚህም ያው ነው።

፭. ጉዳት ያለበት ልጅ ሲወለድ

ፎሊክ አሲድ አብዛኛውን ጉዳት ይከላከላል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም። ስለዚህ ማንም እናቲቱን «ባትወስጂ ነው» ብሎ አይውቀሳት፤ «እርግማን ነው» የሚለውንም አንቀበል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የተጠየቀው ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በደለኞች አለመሆናቸውን አስተምሯል። ሕፃኑ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የጀርባው ክፍተት በቀዶ ሕክምና ይዘጋል። በአዲስ አበባ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል።

እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ለሚቀጥለው እርግዝና ከፍተኛ መጠን ያስፈልጋታል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም የስኳር ሕመም ያለባትም አስቀድማ ሐኪም ታማክር። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ የጎረቤትን እንክብል መዋዋስ አይገባም።

፮. ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

1. ለጋብቻ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ስለ ፎሊክ አሲድ አጭር ክፍል ይጨምር፤ ሙሽራውም አብሮ ይስማ።
2. ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋብዞ ከቅዳሴ በኋላ ታስተምር።
3. ከእርግዝና በፊት የሚወሰደው እንክብል በጤና ጣቢያው ወይም በመድኃኒት ቤት መኖሩንና ዋጋውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አቅም ለሌላቸው ከልማት ገንዘቡ ጥቂት ይመድብ።
4. ካህናት ቤት ሲጎበኙ ለአዲስ ተጋቢዎች ያስታውሱ።
5. በዕድሩ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ይነጋገር፤ ይህ በረከት ለሁሉም ነው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ባለፈው ዓመት ስንት ጋብቻ ተፈጸመ? ከተጋቡት መካከል ይህን ትምህርት የሰማ አለ? ለሚመጣው መስቀል ማን፣ መቼ፣ ለማን ይንገር? መልሱ በቃለ ጉባኤ ቢሰፍር ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይቀርም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።